የትም የማያደርስ አውሮፕላን

እኛ አውሮፕላንን የምናውቀው በመሄጃነቱ ነው። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ሰው ይወስዳል፤ ከወሰደም ቶሎ አይመልስም። አውሮፕላን ሲባል አብሮት የሚመጣብን የሻንጣ ሚዛን፣ በርበሬና ድርቆሽ፣ «ይቺን ትንሽ ነገር ለእህቴ ልጅ ብቻ አድርስልኝ» የሚል አደራ፣ መሸኛው በር ላይ የሚወርድ እንባ ነው። አንድ አውሮፕላን ተነስቶ፣ አየር ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ፣ ተመልሶ በተነሳበት መንደርደሪያ ላይ ቢያርፍ «የቴክኒክ ችግር ገጥሞት ነው» እንላለን እንጂ ፓይለቱ ሲጫወት ነበር ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወዳጄ ግን ቅዳሜ አየሩ ከጠራለት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሰፈሩ አበሻ ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። ካፒቴንነቱ የደመወዝ አይደለም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ የሚውል የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ያለችው የግል አብራሪ ፈቃድ ናት፤ በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 40 ሰዓት በርሮና ተፈትኖ የሚያገኛት፣ እንጀራ ግን የማታበላ ፈቃድ።

«ነገ ልበር ነው» ይለኛል።

«ወዴት?»

«ወዴትም።»

«ታዲያ ለምን ትወጣለህ?»

«ልመለስ ነዋ!»

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለው ለመዝናኛ አብራሪዎች የተተረተ ይመስለኛል። ልዩነቱ መነኩሴው ለቆቡ በሰዓት ኪራይ አለመክፈሉ ነው።

መሄጃ ማጣታቸውን ራሳቸውም ስለሚያውቁት አንዱ ሰበባቸው ምሳ ነው። ሌላ ከተማ ወዳለች ትንሽ ማረፊያ በርረው፣ በርገር በልተው ይመለሳሉ፤ ነገሩንም «የመቶ ዶላር በርገር» ይሉታል። ስሙ የወጣው ድሮ ነው፤ ዛሬ ኪራዩና ነዳጁ ሲደመር በመቶ ዶላር የሚገኘው ዳቦው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ካፒቴን ደግሞ ጿሚ ነው። በቼዛፒክ ባሕረ ሰላጤ መካከል ታንጂር የምትባል የቨርጂኒያ ደሴት አለች። ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ድልድይ የላትም፤ አጭር መንደርደሪያ ግን አላት። የአካባቢው አብራሪ ክራብ ሊበላ ይጎርፍባታል። ካፒቴንም ሄደ፤ በዐቢይ ጾም። በጾምም በፍስክም ክራብ የማይቀምስ ሰው ያን ሁሉ ውሃ አቋርጦ፣ የተጠበሰ ድንች በልቶ ተመለሰ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ትንሽ የጎን ነፋስ ነበረው» አለኝ። ስለ ድንቹ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከምሳው የሚበልጥባቸው ግን ጨዋታው ነው። ቀጥ ብሎ መብረር ለካፒቴን የአውቶቡስ ሾፌር ሥራ ነው። አውሮፕላን ማጋደል፣ መዞር፣ መዘግየት፣ አቅጣጫ እየለወጡ መውጣትና መውረድ ሲጀመር ነው ፊቱ የሚበራው። ጨዋታው የሚካሄድባት ዕቃ በአብዛኛው ሴስና 172 ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ ዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች። በዓለም ላይ የእሷን ያህል በብዛት የተሠራ አውሮፕላን የለም። ክንፏ ከላይ ስለሆነ ከታች ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ይህ ለሁሉም ተሳፋሪ ጥቅም አይደለም።

መቀመጫዋ አራት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ነዳጇ ከሞላ አራት ጎልማሳ አትችልም። ስለዚህ ካፒቴን ከመሳፈር በፊት ክብደት ይጠይቃል። የአበሻን ኪሎ ከአበሻ አፍ የማግኘትን ችግር እንግዲህ አስቡት። «ስንት ኪሎ ነሽ?» ተብላ የተጠየቀች አንዲት የሰፈራችን ሴት «ስንት ብሆን ይሻላል?» ብላ መልሳለታለች። ወንዶቹ ደግሞ የሚናገሩት በሠርጋቸው ዕለት የነበራቸውን ኪሎ ነው። ካፒቴን የተነገረውን በትሕትና ይሰማል፣ ያመሰግናል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የራሱን ግምት ይጽፋል።

ከኪሎው ቀጥሎ የሒሳብ ጉዳይ አለ፤ ይሄኛውማ ራሱን የቻለ ትንግርት ነው። በአሜሪካ ሕግ የግል አብራሪ የነዳጁን፣ የዘይቱን፣ የኪራዩንና የማረፊያውን ወጪ ከተሳፋሪዎቹ ጋር መካፈል ይፈቀድለታል፤ ከራሱ ድርሻ አሳንሶ መክፈል ግን አይፈቀድለትም። ሁለት ከሆኑ ቢያንስ ግማሹ፣ አራት ከሆኑ ቢያንስ ሩቡ የእሱ ዕዳ ነው። በሌላ አነጋገር «አንተማ ነድተሃል፣ የዛሬው በእኔ ነው» ማለት የፌዴራል ደንብ ማስጣስ ነው። ምግብ ቤት ገብተን የአስተናጋጅ እጅ እየያዝን፣ ቢል እየተነጣጠቅን፣ «በናትህ! በናትህ!» ስንባባል ለኖርን ሕዝብ፣ መንግሥት ይህን ግብግብ በአንቀጽ የዳኘበት ብቸኛው ቦታ ኮክፒት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጊዜ የካፒቴን አጎት ከበረራው በኋላ ገንዘብ ቆጥረው ኪሱ ሊከቱ ሲታገሉ አየሁ።

«ጋሼ፣ አይሆንም፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«ይንጠቁህ! እኔ ቆሜ ልጅ ይከፍላል እንዴ?»

የካፒቴን እናት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ ጊዜ ግን ሒሳብ አልተነሳም። ማረፊያው ደርሰው አውሮፕላኗን ሲያዩ ቆም አሉና «ይቺ ናት? እናቷስ የት አለች?» አሉ። ካፒቴን እየሳቀ ፍተሻውን ጀመረ። ዘይት ለካ። ከታንኩ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብልቃጥ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሳና ውሃ እንዳልገባበት አየ፤ የነዚህ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው። ከዚያ ወደ ግራው ክንፍ ሄደ። ክንፉ ፊት ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ በስተኋላ ፉጨት አለ። አውሮፕላኗ ፍጥነቷ አልቆ ክንፏ አየሩን ሊለቅ ሲቃረብ በዚህ ፉጨት ታላዝናለች። መሥራቱ የሚፈተሸው ንጹሕ መሐረብ ቀዳዳው ላይ አድርጎ በአፍ በመሳብ ነው፤ መሐረቡ ሳይቀር በፋብሪካው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ካፒቴንም መሐረቡን አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ገጠመ።

እናቱ ክንዴን ያዙኝ። «ተሳለመው!» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አሜሪካ ሃይማኖቱን አላስጣለውም።»

ዝም አልኩ። እናትና ልጅ መካከል የምገባበት ጉዳይ አልመሰለኝም።

ጨዋታው የሚካሄደው ከዋሽንግተን ራቅ ተብሎ ነው። በዋና ከተማዋ ዙሪያ እስከ 30 የባሕር ማይል የሚደርስ ልዩ ቁጥጥር ያለበት አየር አለ፤ እዚያ ውስጥ ያለ ዕቅድና ያለ መለያ ኮድ ገብቶ የሚሽከረከር ሰው ወደ መሬት የሚመለሰው በተዋጊ ጄት ታጅቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካፒቴን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ይሄዳል። በሸለቆው ርዝመት 81 ቁጥር አውራ ጎዳና ተዘርግቷል፤ ጭነት መኪና የማይታጣበት መንገድ ነው።

ለእናቱ የመረጠላቸው ጨዋታ ዝግ ብሎ መብረርን ነው። ከሁሉም እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው፤ ከሁሉም የሚያስቀው እሱ ስለሆነ። አፍንጫዋን ቀና ያደርጋታል፤ የክንፏን ፍላፕ ዘርግቶ ያወርዳል፤ ሞተሩን ጨመር ያደርጋል፤ አውሮፕላኗም እያማረረች 45 ኖት ላይ፣ ማለትም በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትንጠለጠላለች። ከዚያ ቢዘገይ ፉጨቱ ማላዘን ይጀምራል። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ አውሮፕላን የሚሄደው በአየሩ ውስጥ ነው፤ አየሩ ራሱ የሚሄድበት ጉዳይ ካለው የራሱ ፈንታ ነው። በዚያን ዕለት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሸለቆውን ይዞ፣ ላይ ላዩን 35 ኖት ያህል ይነፍስ ነበር። ካፒቴን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረና ከአውራ ጎዳናው ጎን አሰለፋት። 45 ሲቀነስ 35። በመሬት ላይ ሲለካ የምንሄደው በብስክሌት ፍጥነት ነበር።

እናቱ ከኋላ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናው ቀደመን እኮ።»

«አዎ እማዬ።»

«ያኛውም ቀደመን። ቆመናል እንዴ?»

«አልቆምንም እማዬ፤ በአየሩ በኩል 45 ኖት እየሄድን ነው፤ ነፋሱ ግን ከፊት...»

«እና በመኪና አንመጣም ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ የአቪዬሽን ሳይንስ መልስ የለውም። አላስካ ውስጥ ቫልዴዝ በምትባል ከተማ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በአጭር ቦታ የመነሳትና የማረፍ ውድድር ይካሄዳል፤ ጎማቸው ወፍራም፣ አካላቸው ቀላል የሆኑ አውሮፕላኖች ጥቂት ሜትር ተንደርድረው ይነሳሉ፣ በጥቂት ሜትርም ቆመው ያርፋሉ። እንዲህ ያሉት ቀላል አውሮፕላኖች ጠንካራ ነፋስ ሲያገኙ ከላይ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው መሬቱ ላይ ወደኋላ ይሄዳሉ። ካፒቴን ሴስናዋ ወደኋላ የምትሄድበትን ነፋስ የሚጠብቅ ሰው ነው። የትም አለመድረስ ሳያረካው ቀርቶ፣ ከተነሳበት ወዲያ ማዶ መድረስ አማረው።

ሌላው የታወቀ ጨዋታ ጠባብ ዙር ነው። አውሮፕላኗ 45 ዲግሪ ታጋድልና ከፍታዋን ሳትለቅ ሙሉ ክብ ትዞራለች። በፈተና ጊዜ ከ100 ጫማ በላይ መውጣትም መውረድም ያስጥላል። በ45 ዲግሪ ሰው ክብደቱ በ1.4 ይባዛል፤ በ60 ዲግሪ እጥፍ ይሆናል። መሬት ላይ ኪሎውን የደበቀ ሁሉ እዚህ ላይ ከነወለዱ ይከፍላል። ከ60 ዲግሪ በላይ ማጋደል ወይም አፍንጫዋን ከአድማስ 30 ዲግሪ አሳልፎ ማንሳትና መድፋት ከተፈለገ ደግሞ፣ ተሳፋሪ እስካለ ድረስ ሁሉም ሰው ፓራሹት መታጠቅ አለበት። እኛ ፓራሹት የለንም። ስለዚህ ዙሩ ሲጀመር ዓይኔን ከማጋደል መለኪያው ላይ አልነቅልም፤ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ።

ዙሩ በትክክል የተዞረ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ዱብ የሚል ነገር አለ። አውሮፕላኗ ክቡን ገጥማ፣ ራሷ አተራምሳው ባለፈችው አየር ውስጥ ስትገባ ነው። ለአብራሪ ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት የለም። መጀመሪያ ያጋጠመኝ ጊዜ ካፒቴን በደስታ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ለሰሚው ጩኸታችን አንድ ነበር።

ቀስ በቀስ የገባኝ ይህ ነው፦ አብራሪውና ተሳፋሪው አንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት የተለያየ በረራ ይበራሉ። እኔ በመስኮት ተራራ አያለሁ፤ እሱ ኳስ ያያል። ፊት ለፊቱ ካሉት መለኪያዎች በአንዱ ሥር፣ በተቆለመመች የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጥቁር ኳስ አለች። መሪውና ፔዳሉ ሲስማሙ መሐል ትቀመጣለች፤ ካልተስማሙ ወደ አንዱ ጎን ትሸሻለች። እግሩ ይህችን ኳስ መሐል ለማስቀመጥ የሚያየው ፍዳ ለተሳፋሪው አይታይም። እኔ «ዋው፣ ወንዙ!» ስል እሱ «አየሃት? አልተነቃነቀችም እኮ!» ይላል። ሁለታችንም እውነት አለን። ደስታው ሁሉ ማንም የማያይለት ልክነት ላይ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ተሳፋሪ ይዞ የሚወጣው፤ ቢያንስ ባይገባውም የሚሰማ ሰው እንዲኖር።

የንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚፈልጉ ሰዎች የሚፈተኑባቸው ጥቂት እንቅስቃሴዎች አሉ፤ ካፒቴን ፈተናውን የመውሰድ ሐሳብ የለውም፣ እንቅስቃሴዎቹን ግን ለነፍሱ ይሠራቸዋል። ሻንዴል የሚሉት አለ፤ እየወጡ 180 ዲግሪ መዞር ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ ፍጥነቱም አብሮ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። አፍንጫዋ አድማስ ላይ የተጋደመ ስምንት ቁጥር የምትስልበትም አለ፤ እየወጣች ትጋደላለች፣ እየተጋደለች ትወርዳለች፣ ደግሞ በሌላው ወገን። ይህ ሁለተኛው በደንብ ሲሠራ ውብ ነው። በደንብ ሲሠራ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል፤ ሳይሠራ ሲቀር ቁርስ ያስመልሳል። በመካከል ያለ ደረጃ አላየሁም።

ሦስተኛው ግን ቆም ብለን የምናየው ነው። ሁለት ምልክት መሬት ላይ ይመረጣል፤ የእህል ጎተራ ወይም ለብቻው የቆመ ዛፍ። አብራሪው የክንፉ ጫፍ ከምልክቱ ላይ ሳይነቃነቅ በዙሪያው ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ በተቃራኒው ይዞራል፤ ስምንት ይሆናል። ምስጢሩ ከፍታው ላይ ነው። የመሬት ፍጥነትህን በኖት ወስደህ በራሱ አባዛው፣ ለ11.3 አካፍለው፤ በጫማ የሚያስፈልግህን ከፍታ ይሰጥሃል። 100 ኖት ከሆንክ 885 ጫማ ገደማ። ነፋስ ከኋላ ገፍቶ ሲያፈጥንህ ትወጣለህ፣ ከፊት ሲይዝህ ትወርዳለህ፤ ጎተራው ግን ክንፉ ጫፍ ላይ እንደተሰፋ ይቀራል። ትምህርት ቤት ሳለን «ይህ ቀመር ለኑሮ ምን ይጠቅመናል?» ብለን መምህራችንን የጠየቅን ሰዎች መልሱን እዚህ አገኘነው፦ ጎተራ ለመዞር። ባለ ጎተራው ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ላሞቹ ቀና እንኳ አይሉም።

አፍንጫዋን አንስቶ ቀስ ብሎ በመግፋት ለጥቂት ሰከንድ ክብደት የሚያሳጣው ጨዋታ አለ፤ እሱን አልወደውም። እስክሪብቶ ተነስቶ ፊትህ ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጆች ይደሰታሉ። ችግሩ የሚንሳፈፈው እስክሪብቶ ብቻ አለመሆኑ ነው። ወለሉ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የሳንቲም ዘር ሁሉ አብሮ ይነሳል። የቆዩት ሴስናዎች ሞተር ደግሞ በካርቡረተር ስለሚሠራ፣ መግፋቱ ከበዛ ነዳጁም ከቦታው ይንሳፈፍና ሞተሩ ያስላል። ሞተር አየር ላይ ሲያስል «ይማርህ» አይባልም።

መገለባበጥ የሚባለው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ የሚሠራው ለዚያ በተሠራ አውሮፕላን፣ በአስተማሪ፣ በፓራሹት ነው። ታሪኩን ግን እወደዋለሁ። ሩሲያዊው ፒዮትር ኔስቴሮቭ በ1913 እ.ኤ.አ. ኪየቭ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን ሙሉ ቀለበት አየር ላይ ሠራ። አለቆቹ «የመንግሥት ንብረት ለአደጋ አጋልጠሃል» ብለው እስር ፈረዱበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈረንሳዊው አዶልፍ ፔጉ ያንኑ ሲሠራና ዓለም ሲያጨበጭብለት ጊዜ፣ የእስሩ ነገር ቀርቶ ሹመት መጣ። የራስን ሰው ሥራ ፈረንጅ እስኪያጸድቀው መጠበቅ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሜሪካዊው ቦብ ሁቨር ደግሞ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አየር ላይ ሙሉ በሙሉ እያገላበጠ፣ በሌላ እጁ ከማንቆርቆሪያ ቀዝቃዛ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳ ነበር፤ ጠብ ሳትል። ጥበቡ ግልበጣውን እንዲህ ማለስለስ ነው፤ ሰውየውም ሻዩም ወንበራቸው ላይ የሚጫናቸው ክብደት ከዘወትሩ ብዙም አይርቅም፤ ሻዩ መገልበጡን አያውቅም። ካፒቴን ይህን በቪዲዮ ለእናቱ አሳያቸው። «በጀበና ይሞክረው» አሉ እናቱ። «ሻይማ ማንም ይቀዳል።»

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ሲቃረብ፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ ኒው ዮርክ ላይ «የሃርለሙ ጥቁር ንስር» ተብሎ ዝና ያተረፈው ኹበርት ጁሊያን አዲስ አበባ ነበር። ለበዓሉ በሚደረገው ልምምድ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን አዲሷን ጂፕሲ ሞዝ አስነሳና ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀላት። ከአገርም ተሸኘ። የሰውየው ጠበቃ ልሆን አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ክንፉም የሚይዘው አየር ስስ ነው። በዚያ ላይ ባሕር ዛፉ በየዓመቱ ያድጋል።

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስ። ክርክር የማይጠፋበት ጨዋታ የነጥብ ማረፍ ነው። አብራሪው ወደ 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ከማረፊያው መስመር ትይዩ ሲደርስ ሞተሩን እስከ ታች ይቀንሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር የለም፤ ያለው ከፍታና ብልሃት ነው። ከመስመሩ ካለፈ በ200 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም 61 ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ ማረፍ አለበት። ከመስመሩ በፊት የነካ ውድቅ ነው። ከፍታ የተረፈው ሰው አውሮፕላኗን በጎኗ ይነዳታል፤ አንዱን ክንፍ ዝቅ፣ ተቃራኒውን ፔዳል እስከ መጨረሻ፤ እሷም አየሩን በጎኗ እየገጨች ቁልቁል ትወርዳለች፣ ተሳፋሪው መንደርደሪያውን በበሩ መስኮት ያያል፤ መሬት ከመንካቷ በፊት ቀጥ ትላለች። ይህ ሰው የሚያስጮህ ነው፤ ግን ተገቢና የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፍላፕ የሌላቸው የድሮ አውሮፕላኖች እንዲህ እያደረጉ ነው ሲያርፉ የኖሩት።

ካፒቴን አባል የሆነበት ቡድን ይህን ሲወዳደር አንዴ ከዳኞቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጫለሁ። «ጎማው ከመስመሩ በፊት ነካ።» «አልነካም፤ ጥላው ነው።» «ጥላ ጭስ ያወጣል?» የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች ሲጣሉ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ የቪዲዮ ዳኛም የለም። ከተወዳዳሪዎቹ ውስጥ የጡረታ ዕድሜ ያለፉ፣ ድሮ በትልቅ አውሮፕላን ውቅያኖስ ሲያቋርጡ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ናቸው በሁለት ሜትር ጉዳይ አብዝተው የሚጨቃጨቁት።

የመጨረሻው፣ የጨዋታዎች ሁሉ አለቃ፣ ሶፍት ቆረጣ ነው። አልቀለድኩም። አንድ ጥቅል የሽንት ቤት ሶፍት ከከፍታ ላይ በመስኮት ይወረወራል፤ ጫፉ ቀድሞ ጥቂት ይፈታለታል፤ እየተተረተረ ረጅም ነጭ መቀነት ሆኖ ሰማዩ ላይ ይቆማል። አብራሪው ፈጥኖ ይዞርና በክንፉ ይቆርጠዋል፤ እንደገና ዞሮ ቁራጩን ይቆርጣል፤ ቀድሞ የተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል። ሕጉ ሰውና ንብረት ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ እስከተደረገ ድረስ ዕቃ መጣልን አይከለክልም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰው ለሶፍት በየሱፐርማርኬቱ ሲራኮት ይህን የተጫወተ ሰው ቢኖር ግን የሚዳኘው በሌላ ሕግ ይመስለኛል። ዱቄት በወረቀት ከረጢት ሞልተው ዒላማ ላይ የሚጥሉም አሉ፤ ካፒቴን ጤፍ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ እያወቀ ዱቄት መጣል ስላልሆነለት ሶፍቱን መረጠ።

ሸለቆው ውስጥ የሣር መንደርደሪያ ያለው አንድ ገበሬ መሬቱ ላይ እንድንጥል ፈቀደልን፤ መልቀሙ የእኛ ይሆናል በሚል ውል። የካፒቴን እናት ከገበሬው ጋር መሬት ቀሩ። እኔ ወርዋሪ ሆኜ ወጣሁ። አየር ላይ የነበረኝ ሥልጣን ይኸው ብቻ ነበር፤ ካፒቴን «ጣል!» ሲል መጣል። ጣልኩት፤ ካፒቴን አጋደላት፤ ሶፍቱም ጠፋ። የጨዋታው ግማሽ ለካ የጣልከውን ነገር መፈለግ ነው። «የታለ? የታለ?» «በላይህ!» «በላዬ እንዴት ይሆናል፣ እኔ እኮ...» አገኘነው፤ ቀጥ ብለን ገባንበት፤ ክንፉ ላይ ምንም ድምፅ የለም፤ ካፒቴን ግን «አንድ!» አለ። ዞርን። «ሁለት!» እኔ ከፀሐይ ጋር እየታገልኩ ነበር። «ሦስት!» ከዚያም ወደ ታችኛው ከፍታ ስንቃረብ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ ባዶ ሰማይ ባየሁበት ቦታ ላይ፣ «አራት! አራት ጊዜ! አየህ?»

ሣሩ ላይ አርፈን ስንወርድ ገበሬው በፒክአፑ የካፒቴንን እናት ይዞ ከማዶ መጣ። እርሻው ውስጥ ዞረው ለቅመውታል። እናቱ ሶፍቱን እንደ ጣልነው ሊያመጡት አልሆነላቸውም፤ እያንዳንዱን ቁራጭ አራግፈው፣ ለየብቻ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ ደርድረውታል።

«እማዬ፣ አራት ጊዜ ቆረጥኩት!» አለ ካፒቴን ገና ከሩቅ።

እናቱ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ። ሦስት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲቆርጡና ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ሦስት ቁራጭ ሁለት ቆረጣ ነው» አሉ።

«ሌላውን ነፋስ ወስዶት ይሆናላ!»

«የምን ነፋስ? እኔ እዚሁ ቆሜ አልነበር?»